ኦፍሳይድ፣ ሀንድ፣ ቀይ ካርድ፦ የዳኝነት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር የተላኩ ናቸው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ። ጨዋታው በዲኤስቲቪ ቤት ካለቀ በኋላ ክርክሩ ታክሲ ተራ ድረስ እንደሚከተላችሁ ከአጻጻፋችሁ ያስታውቃል። ደብዳቤዎቹን ስናገላብጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ገጠመን። «ምን ሆነ?» የሚለውና «ለሆነው ነገር ህጉ ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ተቀላቅለው ይነሳሉ። አንዱ ስለ መጀመሪያው ሲያወራ ሌላው ስለ ሁለተኛው ይመልሳል፣ ከዚያ መግባባት የለም። ስለዚህ በየመልሱ ሁለቱን ለይተን ለማስቀመጥ ሞክረናል። ቀኖቹም ዓመተ ምህረቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት አለኝ። ጎል በኦፍሳይድ በተሻረ ቁጥር ደንበኞቼ የቴሌቪዥኑን ምስል በስልካቸው ያነሱና በጣታቸው መስመር እያሰመሩ ይከራከራሉ። አንዳንዴ ወደ ጠብ ይሄዳል። በእርግጥ በፎቶ መፍረድ ይቻላል?

መልስ፦ የኦፍሳይድ (ከጨዋታ ውጪ) ቦታ ማለት አጥቂው ኳሱ ሲላክለት ከተከላካዮቹ አልፎ ለጎል መስመሩ ቀርቦ መገኘቱ ነው። በግልጽ የተለየውን፣ አንድ ሜትር ያህል የቀደመውን ተጫዋች፣ አዎ ይቻላል። ክርክር የሚነሳባቸውን ጠባብ ውሳኔዎች ግን አይቻልም። ምክንያቱን ለደንበኞችዎ እንዲያስረዱ ዘርዘር አድርገን እንንገርዎ።

መጀመሪያ የካሜራው ቦታ ነው። ዋናው ካሜራ የሚቆመው በመሃል ሜዳው መስመር አቅጣጫ፣ ከፍ ብሎ ነው። ድርጊቱ ፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ አጠገብ ሲሆን ካሜራው የሚያየው በሰያፍ ነው፤ ስለዚህ በሜዳው ላይ እኩል የቆሙ ሁለት ሰዎች በስክሪኑ ላይ አንዱ ቀድሞ ይታያል። ሰው ደግሞ በስልኩ ላይ መስመር ሲያሰምር ቀጥ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያሰምረው። ትክክለኛው መስመር ከጎል መስመሩ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ሳሩ በቀላልና በደማቅ አረንጓዴ ተቆርጦ ከሆነ የሳሩን ድንበር ይከተሉ፤ ካልሆነ የፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ (የ16.50 ሜትሩ) መስመር ዘንበል ያለበትን መጠን ይከተሉ። ይህም የሚያገለግለው መሬት ለነካ እግር ብቻ ነው። ትከሻ ወይም ጉልበት በአየር ላይ ስለሆነ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ሲወርድ የት እንደሚያርፍ ከአንድ ፎቶ ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ቅጽበቱ ነው። ህጉ የሚለካው አቀባዩ ኳሱን መጀመሪያ የነካበትን ቅጽበት ነው። ኳሱ ከእግሩ ተላቆ የሚታይበት ምስል ዘግይቷል። (በረኛ በእጁ ሲወረውር ግን ከ2025/26 ጀምሮ የሚታየው ኳሱ ከእጁ የተለየበት የመጨረሻው ቅጽበት ነው።) ስሌቱን ይመልከቱት፦ በሰከንድ 50 ምስል በሚያነሳ ካሜራ በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መካከል 0.02 ሰከንድ አለ። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያች ጊዜ 16 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ተከላካዩ በተቃራኒው በሰከንድ 4 ሜትር ወደፊት እየወጣ ከሆነ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአንዲት ምስል 24 ሳንቲ ሜትር ይቀየራል። አንዱ ደንበኛዎ አንድ ምስል ቀደም ብሎ፣ ሌላው አንድ ምስል ዘግይቶ ካነሳ ሁለቱም «ማስረጃ» ይዘው ሊጣሉ ይችላሉ።

ሦስተኛው የሚቆጠረው የሰውነት ክፍል ነው። ጭንቅላት፣ ገላና እግር ይቆጠራሉ፤ እጅ፣ የበረኛውም ጭምር፣ አይቆጠርም። የእጅ መጀመሪያ የብብቱ ታችኛ ጫፍ ትክክል ነው። እኩል መሆን ከጨዋታ ውጪ አይደለም። መመዘኛውም ከኋላ ሁለተኛው ተጋጣሚ ነው፤ በረኛው ብዙ ጊዜ አንደኛው ስለሆነ ሰው ይረሳዋል፣ በረኛው ወጥቶ ከሆነ ግን ሁለት ተከላካዮች መቁጠር ያስፈልጋል።

በትልልቅ ውድድሮች አሁን ሥራውን የሚያግዘው ከፊል አውቶማቲክ ሥርዓት ነው። በኳታሩ የ2022 ዓለም ዋንጫ 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የሰውነት ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተሉ ነበር፤ በኳሱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከፊል አውቶማቲክ ሥርዓት መጠቀም የጀመረው ሚያዝያ 12 ቀን 2025 ነው፤ ከዚያ በፊት መስመሩን የሚያስቀምጡት ሰዎች ነበሩ። መሣሪያው የማይወስነው አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ፤ ከጨዋታ ውጪ ቦታ ላይ የቆመው ሰው ተጋጣሚውን አስቸግሯል ወይስ አላስቸገረም የሚለውን። በዚያ ቦታ መቆም ብቻውን ጥፋት አይደለም። ኳሱን ሳይነካ የበረኛውን እይታ ከጋረደ ወይም ለኳሱ ከሚሄድ ተከላካይ ጋር ከተጋፋ ጥፋት ይሆናል፤ ይህን የሚወስነው ዳኛው ነው። ደንበኞችዎን «ቦታው ላይ ነው የምትከራከሩት ወይስ ማስቸገሩ ላይ?» ብለው ይጠይቋቸው። ወደኋላ መመለስ የሚችል ዲኮደር ካለዎት ደግሞ የአቀባዩ እግር ኳሱን በነካበት ቅጽበት አቁመው ለሁሉም በአንድ ስክሪን ያሳዩ። ከአሥር ስልክ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከሰበታ ነው። ተከላካይ ኳሱን ከነካው ኦፍሳይድ ይሰረዛል ይባላል። ፈረንሳይ ስፔንን ያሸነፈችበትን የምባፔን ጎል ምሳሌ የሚያደርጉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጥቅምት 10 ቀን 2021 በሚላን የተደረገው የኔሽንስ ሊግ ፍጻሜ ነው። ቴዎ ሄርናንዴዝ ያቀበለውን ኳስ ኤሪክ ጋርሲያ ተዘርግቶ በስሱ ነካው፤ ከጀርባው ከጨዋታ ውጪ የነበረው ምባፔ አስቆጠረና ፈረንሳይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ጎሉ የጸደቀው ጋርሲያ ኳሱን ሆን ብሎ ተጫውቷል ተብሎ ነው።

የህግ አውጪው ቦርድ ኢፋብ በ2022 ማብራሪያ አወጣ። በዚህ መሠረት ተከላካዩ «ሆን ብሎ ተጫወተ» የሚባለው ኳሱን የመቆጣጠር፣ የማቀበል ወይም የማራቅ እውነተኛ ዕድል ሲኖረው ነው። ኳሱ ከሩቅ መጥቷል? በደንብ አይቶታል? በፍጥነት አልመጣበትም? አቅጣጫው ያልጠበቀው አልነበረም? ሰውነቱን ለማስተካከል ጊዜ ነበረው? መሬት ለመሬት የሚሄድ ኳስ በአየር ካለው ይልቅ ለመቆጣጠር ይቀላል። አመቻችቶ ቢሞክርና ቢሳሳት ስህተቱ የራሱ ነው፤ ኦፍሳይዱ ይሰረዛል። በመጨረሻ ጉልበቱ ተዘርግቶ በጫማው ጫፍ ከነካው ግን አይሰረዝም። በዛሬው መመዘኛ ያ ጎል መሻር ነበረበት ብለን እናምናለን። ወደ ጎል የሚሄድን ኳስ ማዳን ደግሞ በምንም ሁኔታ ኦፍሳይድን አይሰርዝም፤ በረኛ የተፋውን ኳስ ከጨዋታ ውጪ የነበረ አጥቂ ቢያስቆጥር ጎሉ ይሻራል።

ጥያቄ፦ ኳሱ እጅ ነክቶ አንዴ ፔናሊቲ ይሰጣል፣ አንዴ ይታለፋል። ወጥ የሆነ ህግ አለ? ለገጣፎ።

መልስ፦ እህታችን፣ ህጉ ወጥ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ግምት ስላለበት ይለያያል። ሦስት ነገሮችን ያስታውሱ። እጅ ሆን ብሎ ወደ ኳሱ ከሄደ ጥፋት ነው። እጅ ገላን ከተፈጥሯዊው በላይ ካሰፋ፣ ማለትም እጁ የቆመበት ቦታ ተጫዋቹ በዚያ ቅጽበት ከሚያደርገው እንቅስቃሴ ጋር ካልሄደ፣ ሳያስበው ቢነካውም ጥፋት ነው። አስቆጣሪው ራሱ በእጁ ካስገባ ወይም እጁን ነክቶት ወዲያው ካስቆጠረ ባያስበውም ጎል አይሆንም። ከ2021 ጀምሮ ግን የጓደኛው እጅ ሳይታሰብ ነክቶት ሌላው ቢያስቆጥር ጎሉ ይጸድቃል፤ ብዙ ሰው አሁንም አሮጌውን ህግ ይዞ ይከራከራል።

የሚዘል ሰው እጁን ያነሳል፣ የሚንሸራተት ሰው ለመደገፍ እጁን ወደ መሬት ይሰዳል። እነዚህ ተፈጥሯዊ ናቸው። ተከላካይ ቆሞ ምት ሲጠብቅ እጁን ወደ ጎን ቢዘረጋ ግን አደጋውን ወስዷል። ዳኛው ካርድ ሲመዝም ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ፦ ከ2024/25 ጀምሮ ሳይታሰብ በተነካ ኳስ ፍፁም ቅጣት ምት ከተሰጠና ግልጽ የጎል ዕድል ከከሸፈ ቅጣቱ ቢጫ ነው፤ ሆን ብሎ ከሆነ ቀይ።

ጥያቄ፦ ጀሞ 2። የቶተንሃምና የሊቨርፑል የ2023 ጨዋታ እስካሁን በሰፈራችን አልበረደም። አንደኛ፣ ከርቲስ ጆንስ ኳሱን ቀድሞ ነክቶ ለምን ቀይ አየ? ሁለተኛ፣ የልዊስ ዲያዝ ጎል ልክ እንደነበር ከታወቀ ጨዋታውን ለምን አላቆሙትም?

መልስ፦ መስከረም 30 ቀን 2023 የተደረገው ያ ጨዋታ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያስተምራል፤ አንዱ የግምት፣ ሌላው የአሠራር ነው።

«ኳሱን ነክቷል» የሚለው መከራከሪያ በህጉ ውስጥ መከላከያ ሆኖ አልተጻፈም። ህጉ የሚጠይቀው አገባቡን ነው። ጥንቃቄ የጎደለው ከሆነ ቅጣት ምት ብቻ፣ ለተጋጣሚው አደጋ ግድ ሳይሰጥ ከሆነ ቢጫ፣ ከመጠን ያለፈ ኃይል ከተጠቀመ ወይም የተጋጣሚውን ደህንነት ለአደጋ ካጋለጠ ቀይ። ጆንስ ኳሱን ነካ፣ እግሩ ግን በኳሱ ላይ ተንሸራቶ የቢሱማ ቁርጭምጭሚት ላይ አረፈ። ሲመዝኑ የጫማው ጥርስ የት እንዳረፈ፣ እግሩ ተወጥሮ እንደነበር፣ ከምን ያህል ርቀትና ፍጥነት እንደመጣ ይመልከቱ። ዳኛው ቢጫ ሰጥቶ ስክሪኑን ካየ በኋላ ወደ ቀይ ቀየረው።

ቅሬታው የነበረው የቆመና የዘገየ ምስል መታየቱ ላይ ነው፤ ይህ ቅሬታ መሠረት አለው። በቫር (ዳኛውን በቪዲዮ የሚያግዘው ሥርዓት) መመሪያ የዘገየ ምስል የሚያገለግለው ንክኪው የት እንደሆነ ለመሰለ ሐቅ ነው፤ የኃይሉ መጠን የሚመዘነው በመደበኛ ፍጥነት ነው። ማንኛውም ግጭት ሲዘገይ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። እናንተም ስትከራከሩ መጀመሪያ በመደበኛው ፍጥነት እዩት፤ የዘገየውን ምስል ለንክኪው ቦታ ብቻ ተጠቀሙበት።

የዲያዝ ጎል ጉዳይ ሌላ ነው። ረዳት ዳኛው ኦፍሳይድ ብሎ አነሳ። ቫር ላይ የነበረው ዳኛ መስመሩን አስቀምጦ ተጫዋቹ ትክክል መሆኑን አየ፤ ሜዳው ላይ የተሰጠው ውሳኔ ግን ጎል መስሎት ነበርና «ምርመራው ተጠናቋል» አለ። የመሃል ዳኛው ኦፍሳይዱ ጸና ማለት ነው ብሎ ተረዳ፤ ጨዋታው በቅጣት ምት ቀጠለ። ስህተቱን ሲያውቁ ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ ምክንያቱም ጨዋታ ዳግም ከተጀመረ በኋላ ቀድሞ ወደ ተሰጠ ውሳኔ መመለስ ህጉ ይከለክላል። ቫር ከዚያ በኋላ ሊመለስ የሚችለው ካርድ ለተሳሳተ ሰው ከተሰጠ ወይም እንደ መደባደብ፣ መትፋትና መናከስ ያለ የቀይ ካርድ ጥፋት ካመለጠ ነው። የእንግሊዝ የዳኞች ማኅበር ስህተቱን አምኖ የድምፅ ቅጂውን ለሕዝብ አሰማ። መስመሩም ህጉም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ንግግሩ ነው። ቀድሞ «ሜዳው ላይ ያለው ውሳኔ ኦፍሳይድ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትነገር ይህ አይደርስም ነበር።

ጥያቄ፦ ዳኛ ስክሪን ለማየት ከሄደ ውሳኔውን መሻሩ አይቀርም ይባላል። ታዲያ ዳኛው ደካማ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ የሚጠራው ቫሩ ግልጽ ስህተት አለ ብሎ ሲያምን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቀየራል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የመሃል ዳኛው ነው፣ ውሳኔውን ማጽናትም ይችላል። መቀየርን ከድክመት አንቆጥረውም። የራሳችን ባምላክ ተሰማ የካቲት 2 ቀን 2022 ቡርኪናፋሶና ሴኔጋል የተገናኙበትን የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲመራ በመጀመሪያው አጋማሽ ለሴኔጋል የሰጣቸው ሁለት ፍፁም ቅጣት ምቶች በቫር ታይተው ተሽረዋል። በዚያ ግፊት ውስጥ ሁለቴ ማስተካከልና ጨዋታውን በእጁ ይዞ መጨረስ ብርታት ነው።

ጥያቄ፦ ኳስ ወጣ የሚባለው መቼ ነው? ካራ።

መልስ፦ ኳሱ ሙሉ በሙሉ መስመሩን ሲያልፍ፣ በመሬትም በአየርም። የኳሱ ዙሪያ ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ውፍረቱ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት ኳሱ መሬት የነካበት ነጥብ ከመስመሩ ውጪኛ ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር አልፎ እንኳ ጎኑ ገና መስመሩ ላይ ሊሆን ይችላል። ጃፓን ስፔንን ባሸነፈችበት የ2022 ዓለም ዋንጫ ጨዋታ ሚቶማ የመለሰው ኳስ በጎን ሲታይ የወጣ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከላይ ካልታየ አትፍረዱ። በ2023 ኒውካስል አርሰናልን 1 ለ 0 ባሸነፈበት ጨዋታም ጎሉ የጸደቀው ኳሱ መውጣቱን የሚያረጋግጥ ምስል ስላልተገኘ ነው፤ ማረጋገጫ ከሌለ ሜዳው ላይ የተሰጠው ውሳኔ ይጸናል።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሰፈር ውድድር እናዘጋጃለን። ቫር የለን፣ ሜዳው አቧራ ነው፣ በየሳምንቱ ክስ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንድሞቻችን፣ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ጊዜ የሰጠነው ለእናንተ ነው። ከክሶቹ ብዙዎቹ ጨዋታው ሳይጀመር ሊቀሩ ይችላሉ።

ከመስመሩ ጀምሩ። አንድ ረጅም ሲባጎ ወስዳችሁ በ5.50 (ትንሹ ሳጥን)፣ በ9.15 (የመሃል ክቡ)፣ በ11 (የፍፁም ቅጣት ምት ነጥቡ) እና በ16.50 ሜትር (ትልቁ ሳጥን) ላይ ቋጠሮ እሰሩ። 16.50ው የሚለካው ከእያንዳንዱ ቋሚ ውስጠኛ ጎን ወደ ውጪና ወደ ሜዳው ነው፤ 11 ሜትሩ ከሁለቱ ቋሚዎች መሃል። ሜዳችሁ አጭር ከሆነ ሁሉንም በእኩል ምጣኔ ቀንሱ፤ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ። የኖራው መስመር ከ12 ሳንቲ ሜትር አይስፋ፣ የጎል መስመሩ ከቋሚው ውፍረት ጋር እኩል ይሁን። ኖራው በእረፍት ሰዓት ይታደስ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሳጥኑ የጠፋበት ሜዳ «ውስጥ ነው፣ ውጪ ነው» የሚል ጠብ ይወልዳል። መስመሩ የሳጥኑ አካል ነው፤ በመስመሩ ላይ የተፈጸመ ጥፋት ፍፁም ቅጣት ምት ነው። ለዳኛ ከምታወጡት በፊት ለመረብ አውጡ፤ ኳሱ በቋሚው ውስጥ ወይም ውጪ ማለፉን መረብ የሌለው ጎል ላይ ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም።

ረዳት ዳኞቻችሁ ያልሠለጠኑ ከሆኑ ኳስ መውጣቱን ብቻ ያሳዩ፣ ኦፍሳይዱን ለመሃል ዳኛው ይተዉለት። ኦፍሳይድ የሚያሳዩ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ሁለተኛው ተከላካይ ትክክል መቆም አለባቸው፤ ኳሱ ለጎል መስመሩ ከቀረበ ከኳሱ ትክክል። ረዳቱ 2 ሜትር ቢዘገይ፣ ተከላካዩ ከእሱ 40 ሜትር ርቆ አጥቂው 20 ሜትር ላይ ቢሆን፣ በእይታው የ1 ሜትር ስህተት ይገባል። እኩል የቆመ አጥቂ በአንድ ሜትር የቀደመ ይመስለዋል። ያ ረዳት አላጭበረበረም፣ ቆሞ ነው የተሳሳተው።

ክስን በተመለከተ ደንቡን በጽሑፍ አውጥታችሁ አሠልጣኞቹን ከውድድሩ በፊት አስፈርሙ። በሜዳ ላይ ለታየ ድርጊት፣ ማለትም ጥፋት ነበር አልነበረም፣ ጎል ሆነ አልሆነ፣ የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ክስ አይቀበልም። ክስ የሚቀበለው የህግ አተገባበር ስህተት ሲኖር ነው፦ ሁለት ቢጫ አይቶ ያልወጣ ተጫዋች፣ ያልተመዘገበ ተጫዋች፣ አንድ ሰው በትርፍ የገባበት ቡድን። የስልክ ቪዲዮ አትቀበሉ። አንዱ ቡድን ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ይዞ ሌላው ባዶ እጁን ይመጣል፣ የተቀረጸበትም አንግል እንደ ኮዬ ፈጬው ፎቶ ያሳስታል። ዳኛውን የሚያናግረው አምበሉ ብቻ ይሁን። የዳኛ አበልም በኮሚቴው እጅ ከጨዋታው በፊት ይከፈል፤ ከቡድን መሪ እጅ ገንዘብ የተቀበለ ዳኛ ንጹህ ቢሆንም አይታመንም።

ጥያቄ፦ ቡራዩ። በረኛው ኳስ ይዞ ቆየ ተብሎ ኮርና ተሰጠ። ይህ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከ2025/26 የጀመረ ህግ ነው። በረኛ ኳሱን በእጁ ተቆጣጥሮ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል። ዳኛው እጁን አንስቶ የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች በጣቱ ይቆጥራል። ቆጠራው የሚጀምረው በረኛው ኳሱን በትክክል ከተቆጣጠረና ተጋጣሚ ካላስቸገረው ነው፤ ወድቆ ወይም ተከቦ ባለበት አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ የአትሌቲኮው አልቫሬዝ ፔናሊቲ ዛሬ ቢመታ ይሻር ነበር? አቃቂ።

መልስ፦ መጋቢት 12 ቀን 2025 በሪያል ማድሪድ ላይ በመለያ ምቱ ሲመታ ተንሸራቶ ኳሱ ሁለተኛውን እግሩን ነካ ተብሎ ጎሉ ተሽሯል። ከዚያ በኋላ ኢፋብ ህጉን አስተካከለ፦ መቺው ሳያስበው ሁለቴ ነክቶት ጎል ከሆነ ምቱ ይደገማል። ካልገባ በመለያ ምት እንደ ሳተ ይቆጠራል፤ በጨዋታ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዳኛው ለተከላካዩ ቡድን ጥቅም ጨዋታውን ካላስቀጠለ በስተቀር ቀጥታ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል። ሆን ብሎ ሁለቴ ከነካው ግን አይደገምም።